ውሃው ጊዜውን ሲስት፦ የጣና ደሴቶችን ጉብኝት ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር የማጣጣሚያ ዝርዝር መመሪያ

ስለ ደሴትና ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ማልዲቭስ ይሄዳል። ከምድሯ 80 በመቶ ያህሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሜትር የማያልፍ በመሆኑ ባሕሩ ከፍ ባለ ቁጥር አገሪቱ የምትተዳደርበትን የቱሪዝም ገቢ ብቻ ሳይሆን መሬቷንም ታጣለች፤ መንግሥቷም ይህን ለዓለም ለማሳየት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2009 የካቢኔ ስብሰባውን ባሕር ውስጥ ጠልቆ አካሂዷል። በዚህም ምክንያት ለደሴት ቱሪዝም የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ባሕር መከላከያ ግንብ፣ ስለ ኮራል ጥበቃና ስለ አውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ የሚናገር ነው። ይህን ምክር እንዳለ ወስዶ ጣና ላይ መተግበር አይቻልም።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1786 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ የሚወርድ፣ ስፋቱ እንደ ወቅቱ ከ3000 እስከ 3600 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሐይቅ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ከፍታው በጥቂቱ ሲቀንስ ዳርቻው ብዙ ርቀት ይሸሻል። እዚህ ያለው ሥጋት ባሕር ወደ ላይ መውጣቱ ሳይሆን ውሃው ጊዜውን መሳቱ ነው፤ ክረምቱ ዘግይቶ ይገባል፣ ቀድሞ ይወጣል ወይም የወር ዝናብ በጥቂት ቀናት ይወርዳል። የኢትዮጵያ አማካይ የሙቀት መጠን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ውስጥ በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጨምሯል፤ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ እንዲህ ካለ ሰፊ ገጽ ላይ የሚተነው ውሃ ይበዛል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለጀልባ ማኅበራት፣ ለአስጎብኚዎች፣ በባሕር ዳር፣ በዘጌና በጎርጎራ እንግዳ ለሚያሳድሩ ሰዎች፣ እንዲሁም ለገዳማቱ ማኅበረሰብ ነው። የኮሮና ወረርሽኝና ከዚያ በኋላ የመጣው የጸጥታ ችግር የጎብኚውን ቁጥር ክፉኛ እንደጎዳው ግልጽ ነው። ሆኖም ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሥራ አብዛኛው እንግዳ በማይበዛበት ጊዜ የሚሠራ ስለሆነ ለማቆየት ምክንያት የለም ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፦ የውሃውን የዓመት ዑደትና የእንግዳውን ዑደት በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጡ

አንድ ትልቅ ወረቀት ወስዳችሁ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን ወራት በአግድም ጻፉ። በመጀመሪያው ረድፍ የውሃውን ከፍታ አስፍሩ፤ ጣና ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን ዝቅተኛው ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ነው። በሁለተኛው ረድፍ እንግዳው የሚመጣበትን ጊዜ ጻፉ፤ የውጭ አገር ጎብኚ ከጥቅምት እስከ የካቲት ይበዛል፣ ጥር ላይ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚሄደው ሰው በባሕር ዳር በኩል ያልፋል፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ማለትም በዝናቡ መካከል ይመጣሉ። በሦስተኛው ረድፍ የየገዳማቱን ክብረ በዓላት፣ በአራተኛው ነፋስና ማዕበል የሚበረታባቸውን ወራት፣ በአምስተኛው እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ የውሃ አረም በአካባቢያችሁ የሚታይበትን ጊዜ አስገቡ።

ወረቀቱ ሲሞላ ሁለት አደገኛ መገናኛዎች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው የበጋው መጨረሻ ነው፤ ያለፈው ክረምት ደካማ ከነበረ ወደቡ የሚደርቀው ከወትሮው ቀደም ብሎ፣ ገና እንግዳ ሳያልቅ ይሆናል። ሁለተኛው የዳያስፖራው እንግዳ ከከባድ ዝናብና መብረቅ ጋር የሚገጣጠምበት ሐምሌና ነሐሴ ነው። የቀሩት ደረጃዎች በአብዛኛው እነዚህን ሁለት መገናኛዎች ለማለፍ የሚረዱ ናቸው።

ሁለተኛ፦ የመለኪያ ዘንግ ትከሉ፣ በየቀኑም መዝግቡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ መሥራት የሚችል ማኅበር ካለ ይህንን ይሥራ እላለሁ። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ያለ እርሱ ግን ሌላው ሁሉ ግምት ሆኖ ይቀራል።

ወፍራም የብረት ቧንቧ ወይም የማይበሰብስ ግንድ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በቀለም ምልክት አድርጉበትና በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ቁጥር ጻፉበት። ውሃው በጣም በሚጎድልበት በግንቦት መጨረሻ፣ ያኔም ቢሆን ውሃ በማይለየው ቦታ ላይ ትከሉት። ማዕበል የማያናውጠው፣ ጀልባ የማይገጨውና ከዳር ሆኖ የሚነበብ ቦታ ምረጡ። ዘንጉ ቢወድቅ ተመልሶ በዚያው ከፍታ ሊተከል የሚችለው ቋሚ ማመሳከሪያ ሲኖር ስለሆነ፣ በአቅራቢያው ባለ የማይነቃነቅ ዐለት ወይም በሕንፃ መሠረት ላይ ምልክት አድርጋችሁ የሁለቱን የከፍታ ልዩነት በውሃ ልክ ለክታችሁ ጻፉ። ንባቡ በየቀኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ነፋስ ሳይነሣ ይወሰድ። በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ ከፍታው፣ ያለፈው ቀን ዝናብና ያነበበው ሰው ስም ይስፈር።

ይህ ድካም ለምን እንደሚያስፈልግ የ1995 ዓ.ም. የበጋ መጨረሻ (እ.ኤ.አ. 2003) በሚገባ ያስረዳል። ያለፈው ክረምት ዝናብ አንሶ ነበር፤ በዚያው ጊዜ ለኤሌክትሪክ ኃይል ከሐይቁ የሚለቀቀው ውሃ ጨምሮ ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ ጣና እስከዚያ ድረስ ተመዝግቦ ወደማያውቅ ዝቅተኛ ደረጃ ወረደ። ውሃው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1785 ሜትር ሲያንስ ትልልቆቹ መርከቦች መንቀሳቀስ ስለማይችሉ የሐይቁ ትራንስፖርት ለአራት ወር ያህል ተቋረጠ፣ ደንገል የሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል የሸፈነው ሰፊ ሜዳም ደርቆ ጠፋ። የጣና ከፍታ የዝናብ ውጤት ብቻ አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ያለው የመቆጣጠሪያ ግድብ እና እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሐይቁን ይጋሩታል። የሚጎድለውን ውሃ ሁሉ በአየር ንብረት ለውጥ ላይ ማላከክ ስሕተት ነው፤ ተጠያቂውን ከማሳሳቱም በላይ የኃይል አመንጪውን ተቋም ቀርቦ ስለ ውሃ አለቃቀቅ መነጋገር እንደሚቻል ያስረሳል። ሦስት ዓመት ሙሉ የተመዘገበ ደብተር ይዞ ወደ እንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ የሚገባ የጀልባ ማኅበር በባዶ እጁ ከሚገባው ይልቅ የሚሰማ ቃል ይኖረዋል።

ከራሳችሁ ንባብ ሁለት ገደቦችን አውጡ። የመጀመሪያው የጥንቃቄ ገደብ ሲሆን፣ ውሃው እዚህ ሲደርስ ከባድ ጀልባዎች የሚጭኑትን ሰው ይቀንሳሉ። ሁለተኛው የማቆሚያ ገደብ ነው፤ ከዚህ በታች ወደዚያ ወደብ ጉዞ አይደረግም። ገደቦቹን በዘንጉ ላይ በቢጫና በቀይ ቀለም አስምሩ፤ ውሳኔው በጀልባ ነጂው ድፍረት ወይም በእንግዳው ልመና እንዳይለወጥ በማኅበሩ ቃለ ጉባኤ አጽድቁት።

ሦስተኛ፦ የወቅት ትንበያን ለቦታ ማስያዣ ተጠቀሙበት

የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ወቅታዊ ትንበያ ያወጣል። ለጣና ዋነኛው የክረምቱ ትንበያ ነው፤ የሰኔ፣ የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ዝናብ የሚቀጥለውን በጋ ውሃ ይወስናል። በተለይ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ኤልኒኞ እየተፈጠረ መሆኑ ሲነገር ጆሮ ስጡ፤ ኤልኒኞ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱን ዝናብ የሚያሳንስ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2015 ያስከተለው ድርቅ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ከታዩት ከባዶቹ አንዱ ነበር። የክረምቱ ዝናብ አነስተኛ ሆኖ ካለፈ፣ በመስከረም መጨረሻ የዘንጋችሁን ንባብ ካለፈው ዓመት ጋር አስተያዩና ከየካቲት በኋላ ለሚመጣ እንግዳ የሩቅ ደሴት ጉዞ ከመሸጥ ተቆጠቡ ወይም ተለዋጭ መዳረሻ እንዳለው አስቀድማችሁ በጽሑፍ ንገሩት።

አራተኛ፦ ወደቡ ከውሃው ጋር እንዲወጣና እንዲወርድ አድርጉ

በአብዛኞቹ ደሴቶች ያለው መውረጃ ድንጋይ የተደረደረበት ወይም በሲሚንቶ የተሠራ ቋሚ ደረጃ ነው። ውሃው በመደበኛ ዓመት እንኳ በክረምቱ ማብቂያና በበጋው ማብቂያ መካከል 1.6 ሜትር ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ቋሚው ደረጃ በመስከረም ይሰጥማል፣ በግንቦት ደግሞ ከጭቃ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከአየር ንብረቱ ለውጥ ጋር ልዩነቱ ሲሰፋ አዛውንት ምእመናን በጭቃ ውስጥ እንዲወርዱ ማድረግ ወይም ከጀልባ ወደ ድንጋይ ማዝለል የአደጋ ምንጭ ይሆናል።

መፍትሔው ተንሳፋፊ መውረጃ ነው። አፋቸው በጥብቅ የታሸገ ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜሎችን በሁለት ረድፍ አሰልፋችሁ በጠንካራ የእንጨት ማዕቀፍ እሰሯቸው፣ በላያቸውም ሳንቃ ምቱ። አንድ እንዲህ ያለ በርሜል ሙሉ በሙሉ ሲሰጥም 200 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል፤ ነገር ግን መድረኩ እንዳይዋዥቅ በግማሹ ብቻ አስሉ። ስለዚህ 12 በርሜል ያለው መድረክ 1200 ኪሎ ግራም ይይዛል፤ የእንጨቱ ክብደት 400 ኪሎ ግራም ቢሆን ለሰውና ለዕቃ የሚቀረው 800 ነው፤ ይህም በአንድ ጊዜ ከ10 ሰው በላይ እንዳይቆምበት ያስገድዳል። ቁጥሩን በሰሌዳ ጽፋችሁ አቁሙ።

መድረኩን ከየብስ የሚያገናኘው መሸጋገሪያ በየብሱ ጫፍ በማጠፊያ ይታሰር፣ በውሃው ጫፍ ደግሞ በመድረኩ ላይ እንዲንሸራተት ይተው። ቁልቁለቱ ለአዛውንት እንዲመች ለእያንዳንዱ 1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ቢያንስ 6 ሜትር ርዝመት ስጡት፤ ለ1.6 ሜትር ልዩነት ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ መሸጋገሪያ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሁለቱም ጎኖች መያዣ ይኑራቸው። መድረኩ ወደ ጎን እንዳይሸሽ በአራት ማዕዘኑ ጥልቅ የተተከሉ ግንዶችን በልቅ የብረት ቀለበት ያቅፍ።

አምስተኛ፦ ጀልባውንና የጉዞ ሰዓቱን አስተካክሉ

ጣና ላይ ነፋሱ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው፤ በዝናብ ወራት ደግሞ መብረቅ ይጨመርበታል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት መመለስ ለዘጌና ለቅርብ ደሴቶች በቂ ጊዜ ይሰጣል። ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ የተባሉት የደሴት ገዳማት ግን ከባሕር ዳር የሰዓታት መንገድ ስለሆኑ፣ በተለይ በክረምት፣ ጉዞውን በሁለት ቀን ከፍሎ በደቅ ደሴት ወይም በአቅራቢያው ማሳደር ይሻላል። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በልኩ የሆነ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት መኖሩ፣ የልጅ ጃኬትም ጭምር፣ የሚደራደሩበት ጉዳይ አይደለም።

እምቦጭ በሞተሩ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣውን የውሃ መግቢያም ይደፍናል። ስለዚህ ጀልባው ረጅም እጀታ ያለው ማጭድ፣ መቅዘፊያ፣ መለዋወጫ የፕሮፔለር ፒንና ጓንት ይያዝ። ሞተሩን ሳያጠፉ እጅን ወደ ፕሮፔለሩ መስደድ ጣት ያስቆርጣል። ከአረሙ መካከል የወጣ ጀልባ ወደ ሌላ ወደብ ከመሄዱ በፊት በመልሕቁ፣ በገመዱና በሞተሩ ላይ የቀረውን ቅጠልና ሥር ሁሉ ያራግፍ፤ አረሙን ወደ ንጹሕ ዳርቻ ከሚያደርሱት ነገሮች አንዱ የራሳችን ጀልባ ነው።

ተለዋጭ መዳረሻ ስታዘጋጁ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ወደ ናርጋ ሥላሴ ሊሄድ የነበረ ቡድን በማዕበል ምክንያት ወደ ክብራን ገብርኤል ቢዞር ሴቶች ወደዚያ ገዳም መግባት ስለማይፈቀድላቸው የቡድኑ እኩሌታ ጀልባ ላይ ይቀራል። ለድብልቅ ቡድን ተስማሚው ተለዋጭ እንጦስ ኢየሱስ ወይም በዘጌ ልሳነ ምድር ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ናቸው፤ ዘጌ በየብስም ስለሚደረስ ውሃው ከቀዩ መስመር በታች ሲወርድ እንኳ በመኪና መሄድ ይቻላል።

ስድስተኛ፦ እምቦጭን ከማበቡ በፊት ንቀሉ፣ ደንገሉን መልሱ

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ሲሆን ጣና ላይ በይፋ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዋና ምግቡ ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ደለልና ንጥረ ነገር ነው፤ ሙቀት መጨመሩ እድገቱን ያፋጥነዋል፣ ኃይለኛ ጎርፍም ምግቡን ያመጣለታል። በሚመቸው ሁኔታ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ደግሞ በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ውሃው ሲሸሽ በተጋለጠው ጭቃ ላይ ይበቅልና ክረምት ሲገባ ተንሳፎ ይሄዳል። ስለዚህ የነቀላው ትክክለኛ ጊዜ ችግኙ ገና በጭቃው ላይ ሳለ፣ ሐምራዊው አበባ ሳይታይ ነው። የተነቀለው ከከፍተኛው የውሃ መስመር ርቆ በደረቅ ቦታ ይከመር፤ ዳር ላይ የተተወ ክምር በመጀመሪያው ጎርፍ ተመልሶ ይገባል። ጉማሬ ባለበት ዳርቻ ብቻችሁን አትሥሩ።

የጸዳው ቦታ ባዶውን ከቀረ አረሙ ይመለሳል። ደንገል መልሶ መትከል ማዕበልን ያበርዳል፣ ደለልን ያጣራል፣ ለዓሣ መራቢያና ለወፎች መጠለያ ይሆናል፤ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብም ታንኳ የሚሠራው ከእርሱ ነው። ቁመቱ አንድ ክንድ ያህል የሆነ ሥር ያለው ቁራጭ ከጤናማ ሜዳ ወስዳችሁ፣ ክረምት ሲገባ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በአንድ አንድ እርምጃ ርቀት ትከሉት፣ ከከብትም ጠብቁት። ጣና ከነአካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ ስለገባ፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ ፈቃድና ድጋፍ የሚጠየቅበት መዋቅር አለ።

ሰባተኛ፦ ሥዕሉንና ብራናውን ከእርጥበት ጠብቁ

እንግዳው ሐይቁን አቋርጦ የሚመጣው ለዚህ ነውና እዚህ ላይ የሚደረግ ስሕተት አይመለስም። በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት ዐፅም አርፏል፤ በክብ ቤተ ክርስቲያኖቹ የመቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች በአብዛኛው በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። በአንድ ጊዜ የሚወርድ ከባድ ዝናብ በክዳኑ ቀዳዳ ገብቶ ጨርቁን ከጭቃው ግድግዳ ያላቅቀዋል። በሚያዝያ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ክዳኑ ሣርም ቢሆን ቆርቆሮ ተፈትሾ ይጠገን፤ በዙሪያው የሚወርደው ውሃ ከመሠረቱ የሚርቅበት ቦይ ይጠረግ።

የአየር እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይ በብራና ላይ ሻጋታ ይነሣል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ በዕቃ ቤቱ ተሰቅሎ ጠዋትና ማታ ይመዝገብ። ሣጥኖች ከወለሉ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው፣ ከግድግዳውም ርቀው ይቀመጡ። በዝናብ ቀን የረጠበ ልብስ የለበሰ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ሲገባ እርጥበቱ ስለሚጨምር በትንንሽ ቡድን ማስገባት ይገባል። የተላቀቀን ሥዕል በራስ ማጣበቂያ መለጠፍ ወይም በውሃ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም፤ አባቶችን አስፈቅዶ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ነው።

ስምንተኛ፦ የመጠጥ ውሃና መጸዳጃ

በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። በባሕር ዳር አካባቢ በዓመት 1400 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚዘንብ፣ 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 112 ሺህ ሊትር ይሰበስባል። የመጀመሪያውን ዝናብ ጣሪያው እስኪታጠብ አፍስሱት፤ ማጠራቀሚያውን ትንኝ እንዳይራባበት በወንፊት ሸፍኑ፤ አካባቢው ወባማ ነው። መጸዳጃ ቤት ጎርፍ ከደረሰበት ከፍተኛ ምልክት በላይ እንጂ ለጀልባው ስለቀረበ ብቻ ዳርቻ ላይ አይሠራ።

ዘጠነኛ፦ ገቢውን ከአንድ ወቅትና ከአንድ መንገድ አላቅቁ

ጀልባ ለአራት ወር ቢቆም ማኅበሩ በምን ይኖራል? ለዚህ ጥያቄ በቁጥር የተጻፈ መልስ ይኑራችሁ። ከእያንዳንዱ ጉዞ የተወሰነ እጅ ወደ መጠባበቂያ ሒሳብ ይግባ፤ ከሁለት ወር የቤተሰብ ወጪ ያነሰ መጠባበቂያ መጠባበቂያ ሊባል አይችልም። ዘጌ በሬ ተጠምዶ እንዳይታረስባት በቆየው ሥርዓት ደኗን ጠብቃ የቆየች ልሳነ ምድር ናት፤ የቡና ጫካ የእግር ጉዞ፣ ቡናው ከለቀማ እስከ ስኒ የሚታይበት ቀን፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው የሚሰደዱትን፣ ክሬን የሚባሉትን ባለ ረጅም እግር ወፎች በፎገራ ሜዳ ማሳየት፣ ውሃው ቢጎድልም የማይቋረጥ ሥራ ነው።

ለእንግዳው የምትሰጡት ውል ጉዞ በማኅበሩ ውሳኔ ሲቋረጥ ገንዘቡ እንደሚመለስ ወይም ቀኑ እንደሚዛወር በግልጽ ይናገር። ገንዘብ ላለመመለስ ሲባል በማዕበል መውጣት ያለው መዘዝ ከገንዘቡ ጋር አይነጻጸርም።

አሥረኛ፦ በየዓመቱ በሰኔ ተቀምጣችሁ ከልሱ

ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያመጣሉ፤ በሐይቁ ዳር ያለ ሰው የሚያየው ደለል የተነሣው ከእነርሱ ተፋሰስ እርሻ ነው። ስለዚህ የሰኔው ስብሰባ ጀልባ ነጂዎችን፣ የገዳማቱን ተወካዮች፣ ዓሣ አጥማጆችንና ከላይኛው ተፋሰስ የሚመጡ የገበሬ ተወካዮችን ያካትት። መዝገቡ ተነብቦ ውሃው ቢጫውን መስመር የነካበት ቀን ካለፈው ዓመት ጋር ይነጻጸር፣ የተሰረዙ ጉዞዎች ይቆጠሩ፣ ደንገሉ የጸደቀበት ቦታ በእርምጃ ይለካ። በዚያው ሰሞን ሐይቁ በዝቅተኛ ደረጃው ላይ ስለሚሆን፣ ከስብሰባው ሲወጡ ዘንጉን ማጽዳት፣ ቀለሙን ማደስ፣ ከማመሳከሪያው ዐለት ጋር ያለውን ልዩነት እንደገና መለካት፣ ለቀጣዩ ዓመት የሚያነብቡትን ሁለት ሰዎች ስምም በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ ይቻላል።